ቪትዟን በሚላጥ ጎማ ማልበስ፦ የግቢ ሥራ ማስታወሻ ከጅማ

ታኅሣሥ መጨረሻ

መኪናዋ ብርማ ቶዮታ ቪትዝ ናት። ሞተሯ አይታማም። የደከመው መልኳ ነው። ጣሪያዋና ኮፈኗ ላይ ቬርኒሱን ፀሐይ በልቶታል፤ ነጣ ነጣ ብሏል። ጋራዥ ሄጄ ሙሉ ቀለም ስንት እንደሚፈጅ ጠየቅሁ። ዋጋውን ሰምቼ ዝም ብዬ ተመለስኩ። ባለቤቴ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ጨመረች። «ይህን ሁሉ ብር ከፍለህ ቀለሙን ካልወደድከውስ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ካልወደድኩት የሚላጥ ቀለም ልሞክር ነው።

ለማያውቀው ነገሩ እንዲህ ነው። ፈሳሽ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። እንደማንኛውም ቀለም ይረጫል። ውስጡ ያለው አሟሚ ሲተን ጎማው ብቻ ይቀራል። ወተት ሲፈላ ከላዩ እንደሚይዘው ስልባቦት ሆኖ የመኪናውን ቀለም ይሸፍነዋል። ሲሰለችህ ጠርዙን ይዘህ ታነሳዋለህ። በዚህ ዓይነት ምርት ስሙ የገነነው የአሜሪካኑ ፕላስቲ ዲፕ ነው። ኩባንያው ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ምርቱ መጀመሪያ ለመኪና የታሰበ አልነበረም። የፒንሳና የመሳሰሉት መሣሪያዎች እጀታ እየተነከረበት እንዳያዳልጥ ይደረግ ነበር። መኪና ላይ መርጨት በኋላ የመጣ የጎረምሶች ጥበብ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ይህ ስቱኮ አይደለም። የተጎረበጠ በር አያቃናም፣ ዝገት አያድንም። ዝገት ላይ ከረጨኸው እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ብረቱም ከሥር መበላቱን ይቀጥላል። ባትላሜራ የሚያስፈልገው መኪና መጀመሪያ ባትላሜራ ይግባ።

ከገና በፊት

ሁለት ጉዳይ ከሥራው በፊት መጨረስ ነበረብኝ። አንደኛው ሊብሬ ነው። ሊብሬው ላይ የመኪናው ቀለም ተጽፏል። ትራፊክ አስቁሞ ሊብሬው ብርማ፣ መኪናው ጥቁር ግራጫ ሆኖ ካገኘው፣ «ጋሼ ይላጣል እኮ!» ብሎ ማስረዳት የትም አያደርስም። ስለዚህ ቀለም ልቀይር ነው ብዬ አስቀድሜ ትራንስፖርት ቢሮ ጠየቅሁ። ይህን እርምጃ አትዝለሉት።

ሁለተኛው የወር ምርጫ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ክረምት ላይ ጎማ መርጨት ዘበት ነው። ችግሩ ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ የአየሩ እርጥበትም ጭምር ነው። አሟሚው ሲተን የተረጨውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ውሃ እዚያ ቀዝቃዛ ገጽ ላይ ያዝላል። ሲደርቅ ጥቁሩ አመዳም ይሆናል። ከታኅሣሥ እስከ ጥር ያለችው ደረቅ ጊዜ ግን ምቹ ናት። ቡና ለማድረቅ የሚመች ፀሐይ ለጎማም ይመቻል፤ ጥላ ውስጥ እስከሆነ ድረስ።

ፈሳሹን አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ አፈላልጎ በጭነት መኪና ላከልኝ። ለቪትዝ ዓይነት ትንሽ መኪና 3 ጋሎን ገደማ ይበቃል። መካከለኛ መኪና ወደ 4 ይጠጋል። አንድ ጋሎን 3.8 ሊትር ገደማ ነው። ስትገዙ ለመርጨት የተዘጋጀውን ጠይቁ። ለመንከር የተሠራው ወፍራም ነው፤ ካልቀጠነ በመርጫ አይወጣም። ለቸርኬና ለስፖኪዮ ደግሞ በቆርቆሮ የሚመጣውን ስፕሬይ አስመጣሁ።

ቀለሙ ደብዛዛ ጥቁር ግራጫ ነው። ጎረቤታችን «የጅማ መኪና ሆና ለምን የቡና ቀለም አታደርጋትም?» አሉኝ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን ቡኒ ቪትዝ ዓይኔ ላይ አልመጣልህ አለኝ።

ጥር መጀመሪያ፣ ቸርኬ

ሰውነቷን ከመንካቴ በፊት በቸርኬ ጀመርኩ። ይህን ለሁሉም ሰው እመክራለሁ። ቸርኬ ትንሽ ነው፣ ቢበላሽ ልጦ መድገም ነው፣ እጅም ይለማመዳል።

ጎማዎቹን አውልቄ በላርጎና በብሩሽ አጠብኳቸው። የፍሬን ብናኝ ግትር ነው፤ ቸርኬው ላይ ከቀረ የሚረጨው ጎማ የሚይዘው ብናኙን ነው፣ ብረቱን አይደለም። ከዚያ በአልኮል ወለወልኳቸው። የቤት ሳኒታይዘር ግን አይሆንም። ብዙው ውስጡ ግሊሰሪን አለው፣ እሱ ደግሞ እንደ ቅባት ይቀራል። ንጹሕ አልኮል ከፋርማሲ ግዙ።

ኮፐርቶኒውን መሸፈን አንዳንዱ በፕላስተር ሲታገል ይውላል። እኔ አሮጌ የመጫወቻ ካርታ ዙሪያውን በቸርኬውና በኮፐርቶኒው መሃል ሰካሁ። ልጆቹ ካርታችን የት ገባ እያሉ ነው። የቡሎን ቀዳዳዎችንና ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበትን የጀርባውን ገጽ ሸፈንኩ። እዚያ ቦታ የሚረጨው ጎማ ከገባ ቡሎኑ በትክክል ላይጠብቅ ይችላል። በዚህ አይቀለድም። የፍሬን ዲስክም እንዲሁ ጠብታ እንዳይነካው። ጎማውን አውልቆ መሥራት የሚሻለው ለዚህ ነው።

ቆርቆሮውን በደንብ ነቅንቄ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይዤ ረጨሁ። የመጀመሪያዋ እጅ ስስ ትሁን። ብርማው ከሥሩ ግማሽ ያህሉ ቢታይ ችግር የለውም፤ እንዲያውም እንደዚያ ነው የሚፈለገው። እሷ ለሚከተሉት መያዣ ናት። ከዚያ በየ20 ደቂቃው እርጥብ እርጥብ እያደረጉ መደራረብ ነው።

እዚህ ላይ ሆን ብዬ አንድ ፈተና ሠራሁ። አንዱን ቸርኬ በሁለት እጅ ብቻ ተውኩት። ሌሎቹን አምስት እጅ አለበስኳቸው። ሲያዩዋቸው ልዩነት የለም። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ቆንጆ። በማግስቱ ከሁለቱም ዓይነት ጥግ ላይ ለመላጥ ሞከርኩ። ባለ አምስት እጁ ተጎትቶ በአንድ ቁራጭ መጣ። ባለ ሁለት እጁ ግን ጥፍሬ ሥር እየተፈረፈረ ቀረ።

የዚህ ሥራ ምስጢሩ ይኼው ነው። ሰው የሚቆጥበው ቀለሙ ጥሩ መስሎ ከታየው በኋላ ነው። «ሸፍኗል፣ ይበቃል» ይላል። መሸፈን ሌላ፣ መላጥ ሌላ። መልኩ በሁለት በሦስት እጅ ይመጣል። ከዚያ በላይ የሚረጨው የሚላጥበት ነው። ፈሳሽ ቆጥቦ የማይላጥ ጎማ መኪናው ላይ የረጨ ሰው፣ ከመጀመሪያው ደህና ቀለም ቢቀባ ይሻለው ነበር።

ያን ቸርኬ ለማስተካከል መፋቅ አላስፈለገኝም። ሌላ እጅ ደራርቤ ረጨሁበት። አዲሱ አሟሚ የድሮውን ጎማ ስለሚያለሰልሰው አንድ ላይ ይዋሃዳሉ። ሲደርቅ እሱም እንደ ወንድሞቹ ተላጠ። አሮጌ፣ ስስ፣ የሚፈረፈር ጎማ መኪናቸው ላይ ያለባቸው ሰዎችም በዚሁ መንገድ መገላገል ይችላሉ።

አርብ፣ እጥበት

ሙሉ ቀን ያለቀው በማጠብና በማድረቅ ነው። ሰም፣ የዳሽቦርድ ማብለጭለጫ፣ ሲሊኮን ያለበት ነገር ሁሉ መልቀቅ አለበት። ላርጎ፣ ውሃ፣ እንደገና ላርጎ። የበር ጠርዝ ውስጥ፣ የመብራት ዙሪያ፣ የታርጋ ሥር። ጠብታ ውሃ እዚያ ተደብቆ ይቆይና ስትረጭ ይንጠባጠባል።

የግራ የፊት ፓራፋንጎ አሳስቦኛል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት አስቀብቶታል፤ በፀሐይ ሲያዩት ቀለሙ ትንሽ ይለያል። የፋብሪካ ቀለም በምድጃ የተጋገረ ስለሆነ፣ መላላጥ ካልጀመረ በቀር ይህ ጎማ ሲላጥ አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም። ሰፈር የተቀባ ቀለም ግን ዋስትና የለውም። በደንብ ካልያዘ ጎማው ሲላጥ አብሮ ሊመጣ ይችላል። ኒትሮ የሚባለው በቀላሉ የሚሟሟ ቀለም ከሆነ ደግሞ አሟሚው ራሱ ሊያኮማትረው ይችላል። እኛ አገር ስንት መኪና ነው ያልተቀባ? ስለዚህ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩ። እኔ ጠንካራ ፕላስተር ለጥፌ በኃይል ነጠልኩት፤ ምንም አልመጣም። ከዚያ በር ሲከፈት ብቻ በሚታየው ጠርዝ ላይ ትንሽ ጎማ ረጭቼ ስትደርቅ ላጥኳት። ያዘልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ መሸፈን

ጠዋት አይረጭም። በዚህ ወር ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፣ የጥላው ቆርቆሮ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ጤዛ ያዘንባል። ያን ጊዜ ለመሸፈን ተጠቀምኩበት።

ከእውነተኛ ቀለም ጋር ሲነጻጸር ይህ ክፍል ቀላል ነው። መስታወትና ጥቁር ላስቲክ ላይ ትንሽ ቢያልፍ ሲደርቅ በጣት ይነሳል። ስለዚህ ጠርዝ በጠርዝ መጨነቅ አያስፈልግም። ትላልቁን በጋዜጣ፣ በላስቲክና በፕላስተር መሸፈን ይበቃል፦ መስታወቶቹን፣ መብራቶቹን፣ ታርጋውን፣ ጎማዎቹን፣ የፊት ግሪሉን ከነራዲያተሩ። የጭስ ማውጫው ጫፍ አይረጭም። ጎማው እስከ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይቋቋማል ይባላል፣ ጭስ ማውጫ ደግሞ ከዚያ በላይ ይግላል። አርማውን አልነቀልኩም። ከላዩ ይረጫል፣ ሲደርቅ ከላዩ ላይ ብቻ ይነሳል።

መኪናዋ በጋዜጣ ተጠቅልላ ሳለ ጎረቤታችን በአጥር በኩል ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ መኪናዋን ልትቀባት ነው ወይስ ልትገንዛት?»

«ጋሼ፣ አዲስ ልብስ ላለብሳት ነው።»

«እንግዲህ ዕድሜ ይስጣት» ብለው ሄዱ።

ቦታው የግቢያችን ቆርቆሮ ጥላ ነው። አቮካዶው ሥር ማድረግ አማረኝ፣ ግን ቅጠልና ወፍ አለ። ፀሐይ ላይም አይሆንም፤ ፈሳሹ ብረቱን ሳይነካ አየር ላይ እየደረቀ ሻካራ ይሆናል። አቧራውን ለማስቀመጥ መሬቱን ውሃ ረጨሁና እስኪመጥ ጠበቅሁ። ዶሮዎቹ ታሰሩ።

ከሁሉም በላይ ግን እሳት። የዚህ ነገር ትነት ይቀጣጠላል፣ ከአየር ስለሚከብድም መሬት ለመሬት ይሄዳል። ጅማ ውስጥ ደግሞ ቅዳሜ ከሰል ያልተቀጣጠለበት ግቢ ከየት ይገኛል? ቡናው ጎረቤት ቤት እንዲፈላ ለመንኩ። ተፈቀደልኝ፤ ለእኔ ግን ስኒ ይዞልኝ የመጣ የለም። ለራሴ የጋዝ ማጣሪያ ካርትሪጅ ያለው ጭንብል አደረግሁ። የኮሮና ጊዜው ማስክ አቧራ እንጂ ትነት አያስቀርም። እሱን አድርጎ የሚረጭ ሰው ማታ ራሱን ሲያዞረው በቀለሙ ማመካኘት የለበትም።

ቅዳሜ ከ4 ሰዓት በኋላ፣ መርጨት

ኮምፕሬሰሩንና መርጫውን ባትላሜራ የሚሠራ ጓደኛዬ አመጣልኝ። አብሮኝ ለመዋልም ፈቀደ፤ «ይህን ቀልድማ ማየት አለብኝ» ብሎ። ከሁሉ በፊት የኮምፕሬሰሩን ጋን ከሥር ከፍቶ ውሃውን አፈሰሰ። አየር ሲጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ካልፈሰሰ ያ ውሃ ከጎማው ጋር አብሮ ይረጫል።

ፈሳሹን ለረጅም ጊዜ አማሰልን። ደብዛዛ የሚያደርገው ዱቄት ከሥር ይዘቅጣል። በደንብ ካልተማሰለ አንዱ በር ደብዛዛ፣ ሌላው የሚያብለጨልጭ ይሆናል። ከዚያ በአሮጌ ስቶኪንግ አጠለልነው።

አንደኛው እጅ ስስ፣ ግማሽ የሚታይ። ጓደኛዬ ሲያየው ፊቱ ተቀየረ። «ምንድነው ይሄ? ሽፍታ የያዛት አስመሰልካት እኮ!» አለ። ትክክል ነው፣ የመጀመሪያዋ እጅ ሁልጊዜ ታስፈራለች። ሁለተኛው ላይ መልክ መያዝ ጀመረች። አረጫጨቱ ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ኮፈን፣ ከዚያ በጎን እየዞሩ ነው። እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን መስመር በግማሽ ይደርባል። እጅ አይቆምም። አንድ ቦታ ላይ ከዘገየ ይወርዳል።

ሦስተኛውን እጅ እንደጀመርን መብራት ሄደ። ጋኑ ውስጥ በቀረው አየር የኮፈኑን እጅ ጨርሰን ቆምን። ለተራ ቀለም ይህ ራስ ምታት ነው። ለዚህ ግን ችግር የለም፤ ቆይቶ የተረጨውም ከፊተኛው ጋር ይዋሃዳል። በመካከሉ ስፖኪዮዎቹን በቆርቆሮው ስፕሬይ ጨረስኩ። ሌላው የቆመው ሰዓት ያመጣብን ዕዳ ነፍሳት ናቸው። እርጥብ ጎማ ይወዳሉ። አንዲት ትንኝ ጣሪያው መሃል ላይ አርፋ ቀረች። እርጥቡ ላይ በጣት መነካካት ያባብሳል። በመርፌ ጫፍ አነሳናት፣ የቀረውን ቀጣዩ እጅ ሸፈነው።

መብራቱ 8 ሰዓት ላይ መጣ። ከዚያ አላቋረጥንም። ሦስተኛው እጅ ካለቀ በኋላ ጓደኛዬ ወደ ኋላ ሄዶ አየና «አለቀ፣ ቆንጆ ሆናለች። የቀረውን አስቀምጠው» አለኝ። የሰለጠነ ዓይን ነው የሚናገረው። ለቀለም ዓይኑ ትክክል ነው፤ ጥቁሩ ሙሉ ነበር። ቸርኬዎቹ ላይ የሠራሁትን ፈተናና ያየሁትን ልዩነት ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ራሱ ነው መርጫውን ከእጄ የተቀበለኝ። አምስተኛውን ከጨረስን በኋላ በተለይ ጠርዞቹን ደገምናቸው፦ የበር ጫፍ፣ የኮፈን ከንፈር፣ የባምፐር ሥር። መርጫው ጠርዝ ላይ ብዙውን አየር ላይ ስለሚበትነው እዚያ ሁልጊዜ ስስ ይሆናል። መላጥ ደግሞ የሚጀመረው ከጠርዝ ነው።

ቅዳሜ ማምሻውን

ፕላስተሩ የሚነሳው የመጨረሻው እጅ ገና እርጥብ ሳለ ነው። ሲደርቅ ካነሳኸው ጎማው ከፕላስተሩ ጋር እየተሳበ ጠርዙ ይቀደዳል። ስለዚህ መርጫው እንደቆመ፣ ድካም ሳይባል፣ ዙሪያውን ቀስ ብለን ነጠልን። ደረቅ ጠርዝ ያገኘንበትን ቦታ ትንሽ ረጭተን ካረጠብን በኋላ ነጠልን።

ከዚያ ጥላው ሥር ተዋት። ባለ ቆርቆሮው ስፕሬይ ላይ 4 ሰዓት ይበቃል ተብሎ ተጽፏል። ይህን ያህል ውፍረት ላለው ግን ሌሊቱን ማሳደር ይሻላል።

እሑድ

መስታወቱ ላይ ያለፈው በጣት እየተንከባለለ ወጣ። አርማው ላይ ያለውን በእንጨት ስንጥር አነሳሁት። ምላጭ መኪና ላይ አላስጠጋም፤ ጎማውን ብቻ ቆርጦ ከሥሩ ያለውን ቀለም የማይጭር እጅ የለኝም።

መልኳ? በፀሐይ ደብዛዛ፣ ጥቁር ግራጫ፣ ሲነኩት ለስለስ የሚል። የጣሪያው ንጣት የለም። የቀኝ በሩ ላይ ያለችው ጉርባጥ ግን ከበፊቱ ባይብስባትም አልጠፋችም። ልጆቹ እየዳሰሷት ሄዱ። ሰፈሩ ውስጥ «ጎማ መኪና» የሚል ስም ወጥቶላታል።

የካቲት

ጥቂት ነገሮች ከአያያዙ።

ነዳጅ ጠላቷ ነው። ቤንዚን ይህን ጎማ ያሟሟዋል። ማደያ ላይ ቀጂው አፈሙዙን ሲያወጣ የምትወርደዋ ጠብታ ትበቃለች። እኔ ቁራጭ ጨርቅ ከመክፈቻው ሥር ይዤ እቆማለሁ። ቀጂው ይስቃል፤ ይሳቅ። ካፈሰሰ ወዲያው በውሃ ማርጠብ ነው፣ ማሸት ግን አይገባም።

ላቫጆ ቤትም ተጠንቀቁ። የውሃውን ግፊት ጠርዝ ላይ አስጠግተው ከያዙት ጎማውን ገልብጦ ያነሳዋል። ናፍጣ የነካው ጨርቅማ ጭራሽ አይቅረባት። በእጅ፣ በስፖንጅና በላርጎ ማጠብ ይሻላል። ሰምም አያስፈልጋትም።

ባለፈው ሳምንት መርካቶ በኩል ሳልፍ አንድ ባጃጅ የኋላ ባምፐሬን ፋቀኝ። ወርጄ ሳየው ጎማው በመዳፍ ያህል ተቀዷል። ቤት ገብቼ ጠርዙን ሳብኩት። ከሥሩ ብርማው ቀለም ምንም ሳይሆን ወጣ። ጎማው ጭረቱን በላልኝ ማለት ነው።

ችግሩ መጠገኑ ላይ ነው። የተቀደደውን ቦታ ብቻ መርጨት አይቻልም፤ ደብዛዛ ስለሆነ የተጠገነበት ድንበር ይታያል። ያለው መንገድ የዚያን ክፍል ጎማ በሙሉ ልጦ እንደገና መልበስ ነው። ባምፐሩን ላጥኩት፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሁለት ቦታ ብቻ ተቆርጦ ወጣ። ከታርጋው ሥር ትንሽ ስስ ቦታ ነበረች፣ እሷን በእርጥብ ጨርቅና በጥፍር ጨረስኳት።

ከሦስተኛው ጋሎን የቀረው ለባምፐር ይበቃል። ክዳኑ ላይ የደረቀውን ጠርጌ አጥብቄ ዘግቼው ነበር፤ ስከፍተው ገና ፈሳሽ ነው። ጓደኛዬ ኮምፕሬሰሩን በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዞ ይመጣል። የራሱን ኮሮላ ኮፈንም በዚያው ልንረጭለት ነው። አምስት እጅ እንጂ ከዚያ በታች አልቀበልም ብሏል።